በግራ ብብቴ የያዝኩት ደም

እኔ በሕይወቴ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ እናቴ በአድባር ዛፍ አጠገብ ስታልፍ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ እስቅባት ነበር፣ ጅብ የሚሆን ሰው አለ ሲሉኝም አምጡልኝና ክትባቱን ልውጋው እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ስትሰሙ ይሄ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ያለ ነገር ሲፈልግ የኖረ ነው እንዳትሉኝ። ጨለማ አደናግሮህ ይሆናል፣ ቀምሰህ ይሆናል የምትሉም ትኖራላችሁ፣ አይደለም፣ ነገሩ የሆነው በቀን ነው፣ በአፌ ከጠዋቱ ሻይ በቀር ምንም አልዞረም፣ አጠገቤም ጠመንጃ የያዘ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ቁጭ ብሎ ነበር። እሱ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እኔን ትታችሁ እሱን ትጠይቁት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የጤና ረዳት ነበርኩ፣ ገበሬው ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እኔም ዶክተር ተባልኩ፣ አልከፋኝም። በግ እወዳለሁ፣ ላምም ጥሩ ናት፣ አህያ እንኳ ጨዋ ነው፣ ውሻ ግን እመኑኝ ያንገሸግሸኛል፣ ምራቁ፣ ትንፋሹ፣ ዝናብ የመታው ጠጉሩ፣ ሁሉ ነገሩ። ያስመለሰውን ዞሮ ሲልሰው ያየሁ ዕለት ምሳ ሳልበላ የዋልኩ ሰው ነኝ። ዕድሌ ሆነና የውሻው ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

ከአንድ ሶሻሊስት አገር የመጣ ዶክተር ነበረን፣ ረጅም፣ ፊቱ የቀላ፣ ብርዱን ከእኛ በላይ የሚፈራ ሰው። ይሄ ሰው ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች በሳጥን አስመጣ፣ የእያንዳንዷ ብልቃጥ ሥር ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፣ የታመመ ውሻ ደም እዚያ ላይ ይጨመርና ይረጋል አይረጋም ተብሎ እዚያው በሽተኛው አጠገብ ይታያል። ደሙ ቶሎ ከረጋ ውሻው ተስፋ አለው ማለት ነው፣ እንደ ውኃ ሲንቀዋለል ከቆየ ግን ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነው፣ ብዙም አይቆይም። ዶክተሩ ማወቅ የፈለገው አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ላቦራቶሪ የሚናገረውን ይህቺ ብልቃጥ በገጠር ሜዳ ላይ ሳታዛባ ትናገራለች ወይ የሚለውን ነበር፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውሻ ሁለት ጊዜ እንቀዳለን፣ አንዱን ለብልቃጧ፣ አንዱን ለላቦራቶሪው፣ ከዚያ ሁለቱን እናመሳክራለን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ጉዱ ያለው ብልቃጧ የሰውነት ሙቀት መፈለጓ ላይ ነው፣ መብራትና ምድጃ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ሙቀት ከየት ይምጣ? ዶክተሩ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ ክንዱን አነሳ፣ ብልቃጧን ብብቱ ውስጥ ሸጎጣትና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

ልብ በሉ፣ የውሻ ደም፣ ገና ትኩስ፣ በብብቴ። የመጀመሪያውን ቀን ቤቴ ገብቼ በልብስ ሳሙና ቆዳዬ እስኪቀላ ታጠብኩ፣ ባለቤቴ ምን ነካህ ብትለኝ ሌላ ውኃ አምጪልኝ አልኳት። ሲቆይ ይለመዳል ይባላል፣ እኔ አልለመድኩትም፣ ብልቃጧ ቆዳዬን በነካች ቁጥር ጥርሴን ነክሼ እቆይና አውጥቼ ዘንበል አድርጌ አያለሁ፣ ካልረጋ መልሼ እሸጉጣለሁ፣ እንዲህ ስል ዋልኩ አደርኩ። ብልቃጧ ግን ዋሽታ አታውቅም። እሷ ረግቷል ያለችውን ደም ላቦራቶሪውም ረግቷል ይለዋል፣ አልረጋም ያለችው ውሻ ሳይሰነብት ይሞታል፣ ዶክተሩ ደስታውን አልቻለውም።

ያን ክረምት ከአንኮበር በታች ካለ አንድ ቀበሌ ውሾች በአፍና በአፍንጫቸው ደም እያፈሰሱ ነው የሚል ወሬ መጣ። ዶክተሩ ወይ ከቆላ የመጣ መዥገር ነው ወይ የአይጥ መርዝ ነው አለ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተፈራ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብሎ መተኮስ ጀምሮ ነበር። ተፈራን ክፉ ሰው አድርጋችሁ አትሳሉት፣ የጎረቤቱ ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሲሞት አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ነው፣ የራሱም ልጆች አሉት፣ ደም የሚያዝረከርክ ውሻ በየደጁ ሲዞር እንዴት ዝም ይበል? በመጨረሻ ሰው ተልኮ ስምምነት ላይ ተደረሰ፣ ደሙ የረጋ ውሻ ይተዋል፣ ያልረጋ ይገደላል፣ ብልቃጧ ትፍረድ ተባለ። ዶክተሩ ብርድ መትቶት ተኝቶ ስለነበር ፍርዱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሹፌራችን ሰይድ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፣ የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ሳያጥብ አይሰግድም፣ ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ከእኔ ጋር አንድ ልብ ነበርን፣ እሱ ለሃይማኖቱ እኔ ለሆዴ። መኪናዋን ከመንገድ ዳር አቁሞ፣ መስኮቶቹን ዘግቶ ተቀመጠ፣ እኔ ወረድኩ። የአንኮበር ጉም ደግሞ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሲመጣ ታውቁት እንደሆነ፣ ቀኑን ቀን ነው ብሎ ለመማል ያስቸግራል፣ አጥሩን ታያላችሁ፣ ከአጥሩ ወዲያ ዓለም የለም።

በየቤቱ ዞርን። ከሆድ በታች በመዥገር የተሸፈነ፣ ጆሮው ውስጥ ትል ያፈራ፣ ድዱ ቆስሎ የሚገማ፣ ያን ዕለት ያልነካሁት የውሻ ዓይነት የለም፣ እጄን የምጠርግበት ጨርቅ ራሱ መጠረጊያ አስፈለገው። አንዳንዱ ደሙ ረጋ፣ ባለቤቱ መርቆኝ ገባ። ያልረጋውን ተፈራ ወደ ገደሉ አፍ እየወሰደ ይተኩሳል፣ ድምፁ በጉሙ ውስጥ ታፍኖ ይመጣል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን። ምሳ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣ።

የመጨረሻው ውሻ የእትዬ አሰለፈች ነበር። እትዬ አሰለፈች አጭርና ቀጭን ሴት ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ ያላት ታደሰ የሚባል አንድ ልጅ ነው፣ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ከወሰዱባት ወዲህ የእግሩ ዳና የለም። ታዲያ ልጁ የተጫነበት መኪና ሲነሳ ከላይ ሆኖ የተናገረው አንድ ነገር ነው፣ እስክመለስ ባሩድን አደራ አላት፣ ባሩድ ማለት ውሻው ነው። በእኛ አገር አደራ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም፣ የሷ ግን ከዚያም አልፎ ነበር፣ ውሻው ከሞተ ልጄም አይመለስም ብላ በልቧ አስገብታዋለች፣ ተፈራ በመንገድ ላይ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር። ወደ ሌላው ቤት ሁሉ አስቀድሞ የወሰደኝ የሷን ለመጨረሻ አቆይቶ ነው።

ባሩድ ጣሪያው ሥር ጆንያ ላይ ተጋድሟል፣ ጥቁር ነው፣ ትልቅ ነው፣ አፍንጫው በደረቀ ደም ተደፍኖ በአፉ ነው የሚተነፍሰው፣ በተነፈሰ ቁጥር ደምና ልጋግ የተቀላቀለበት ክር ከከንፈሩ እስከ ጆንያው ይዘረጋል፣ ይበጠሳል፣ ደግሞ ይዘረጋል። በዚያ ብርድ ዝንብ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ዓይኑን ወርረውታል። እትዬ አሰለፈች በነጠላዋ ጫፍ አፉን ትጠርግለታለች፣ ከዚያ በዚያችው ጫፍ የራሷን ዓይን ትጠርጋለች፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ምኑ ቅጡ፣ ይህንን ስጽፍ እንኳ ምራቄ አፌ ውስጥ ሞልቷል።

ቀዳሁ። መርፌው የወጣበት ቀዳዳ መድማቱን አላቆመም፣ ያኔውኑ ገባኝ፣ ብልቃጧንም በቀኝ ብብቴ ይዤ የቆየሁት ለወጉ ያህል ነው። ተፈራ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ደግሞ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አባታችን ሆይን ትደግማለች፣ እሷ ደግማ ደጋግማ ስትጨርስ ብልቃጧን አውጥቼ ዘንበል አደረግኳት፣ ደሙ እንደ ቀጭን ጠላ ከዳር ዳር ሄደ። ተፈራ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ሴትየዋ አልጮኸችም። በተፈራና በውሻው መካከል ገብታ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

‹‹ብልቃጥህን ብርድ መትቷት እንደሆነስ? የጤነኛ ደም ጨምርባትና ልያት።››

‹‹እትዬ፣ ጤነኛ ውሻ አሁን ከየት ላምጣ?››

‹‹የኔን ጨምርባት።››

ክንዷን ገልባ ጨርሳለች። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ የሞኝ አልነበረም፣ ዶክተራችንም ሁልጊዜ በጤነኛ ደም አስተያዩ ይል ነበር፣ እኔም ደግሞ አንጀቴን በልታኛለች፣ ተፈራን አየሁት፣ እሱም አንዴ ይሁንላት በሚል እጁን አወዛወዘ። አዲስ መርፌ አወጣሁ፣ ከግራ ክንዷ ቀዳሁ፣ ጤነኛ ደም ነው፣ ደማቅ፣ ወፍራም። ከውሻውም እንደገና ቀዳሁ። የውሻውን በቀኝ ብብቴ፣ የሷን በግራ ብብቴ ሸጎጥኩና ካፖርቴን ቆልፌ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጆቼን አጣምሬ፣ ብርድ እንደያዘው ሽማግሌ።

እሷ ውሻው አጠገብ በርከክ ብላ እጇን ጭንቅላቱ ላይ ጫነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትደግመው ግን አባታችን ሆይ አልነበረም፣ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ የሰማሁት ‹‹ከኔ ይሁን፣ ከኔ ይሁን›› የሚል ብቻ ነው። ያ የውሻው ማለክለክ ነው መጀመሪያ ያቆመው። ሞተ ብዬ አየሁት፣ አልሞተም፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኔን ያያል፣ አፉ ተዘግቷል፣ ዝንቦቹም ተነስተዋል።

ከዚያ ያን ድምፅ ሰማሁት። ውሻ ከገበቴ ውኃ ሲልስ የሚያሰማውን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ችኮላ ያለበት፣ እርጥብ ድምፅ፣ እሱን። ከጓሮ ነው ብዬ ዞር አልኩ፣ ጓሮው ዝም ብሏል። ባሩድን አየሁት፣ አፉ እንደተዘጋ ነው። ድምፁ ከካፖርቴ ውስጥ ነበር የሚመጣው። እመኑኝ፣ ከግራ ጎኔ፣ ከቆዳዬና ከሸሚዜ መካከል፣ መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰማሁት፣ ቀጥሎ ትንፋሹ መጣ፣ ሞቃት፣ የሚገማ፣ የጎድን አጥንቴን የሚያረጥብ፣ ቀጥሎ ምላሱ። ምላስ ነው። ሻካራ፣ ረጅም፣ ብልቃጧን ላስ ላስ ያደርግና ሲስት ብብቴን ይልሳል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ማቅለሽለሽ ብቻ ነው። ካፖርቴን በጥሼ ከፈትኩት፣ ቁልፉ ተበጥሶ የወደቀበትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፣ ጭቃው ላይ። ውስጡ ምንም የለም። የኔው ሸሚዝ፣ የኔው ጎን።

ብልቃጦቹን አወጣሁ። የውሻው እንደ እርጎ ረግቷል፣ ገለበጥኩት፣ አልወረደም። የእትዬ አሰለፈች ይንቀዋለላል።

ተፈራ መጀመሪያ ላይ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ቀያየርካቸው አለኝ፣ ሴትየዋ አሳዝናህ ነው እንጂ እኔ የታወረ ሰው አይደለሁም አለ፣ ልፈርድበት አልችልም፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። እንደገና ይቀዳ ብሎ አዘዘ፣ አሁን በሱ ዓይን ሥር። ከጋቢው ጫፍ ክር መዘዘና በሴትየዋ ብልቃጥ አንገት ላይ በገዛ እጁ አሠረ፣ ክር ያላት በግራ ናት፣ ክር የሌላት በቀኝ ናት አለ፣ ከዚያም መጥቶ በግራዬ በኩል ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ተቀመጠ፣ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ። እኔ ልሂድ፣ ይቅርብኝ ብዬ ነበር፣ ውሻውን ለመግደል ይህን ያህል ምን አደከመን ብዬም ነበር፣ ሴትየዋ ግን አየችኝ፣ አየችኝ ብቻ ነው፣ ሸጎጥኩ።

አልቆየም። ያው ድምፅ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ስከፍተው ተፈራ ወደ ጎኔ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ካፖርቴ አስጠግቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። በቀስታ እጁን ዘርግቶ ካፖርቴን ከውጭ ነካው፣ ነክቶም እሳት እንደ ነካ ሰው መለሰው። ድምፁ ሲያበቃ ብልቃጦቹን አወጣሁ። የውሻው ብልቃጥ ረግቷል። ክር ያሠረባት የሷ ብልቃጥ ጭርሱኑ ጎድላ ነበር፣ ውታፏ እንደተደፈነ፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስስ፣ ደሙ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ የቀረውም ውኃ ነው። የጎደለበት በኩል መስታወቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ደም የነካው አይመስልም።

ተፈራ ተነሳ፣ ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ፣ ‹‹ውሻው ይቅር›› አለና ደህና ዋሉ ሳይል ጉሙ ውስጥ ገባ።

እቃዬን ልሰበስብ ስል ነው ክንዷን ያየሁት። መርፌ የነካት ቦታ ላይ ያደረግኩላት ጥጥ ርሶ ደሙ በክርኗ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላ ጥጥ፣ ሌላ ጥጥ፣ በጣቴ ተጭኜ ቆየሁ፣ ሳነሳው ያው ነው። ዶክተራችን በአይጥ መርዝ ለሚደሙ ውሾች የሚሰጠው የቫይታሚን ኪኒን ነበረኝ፣ ለሰውም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ከነቆርቆሮው ሰጠኋትና ጠዋትና ማታ ዋጪው፣ ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። እሷ ኪኒኑን ተቀብላ ‹‹እኔ ደህና ነኝ ልጄ፣ ባሩድን እየው እንጂ›› አለችኝ። ባሩድ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ጭራውን ጆንያው ላይ አንዴ መታ።

ወደ መኪናው ስመለስ ለሰይድ ምንም አልነገርኩትም፣ ምን ብዬ? ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ከወጣን በኋላ ሰይድ ድንገት ፍሬን ያዘ።

‹‹ዶክተር፣ ውሻ ጭነሃል እንዴ?››

‹‹ምን ውሻ?››

‹‹ሲልስ ይሰማኛል።››

ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ ምንም የለም። አዑዙ ቢላህ እያለ ተመለሰና እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መስኮቱን ከፍቶ በዚያ ብርድ ነዳ። ቤቴ ደርሼ ሸሚዜን ሳወልቅ ግራ ጎኑ ከብብቱ እስከ ወገቡ ርሷል፣ የብብቴ ጠጉር ወደ አንድ በኩል ተጣብቆ ተኝቷል፣ ላም ጥጃዋን ስትልሰው ጠጉሩ እንደሚተኛው። ባለቤቴ የምን ሽታ ነው ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ሦስት ውኃ ቀየርኩ፣ ቆዳዬን ፈቀፈቅኩ፣ ሽታው ለቀቀ፣ ጠጉሩ ግን በማግስቱ ጠዋት እንደገና ተኝቶ አገኘሁት።

ዶክተሩ ሲሰማ የሚሰጠው መልስ አላጣም። ዱቄቱ እርጥበት ገብቶት ነው፣ ጉሙ ነው፣ ክሩም የታሠረው በስሕተት ነው አለ፣ ከሌሎቹ ውሾች ሁሉ ጋር ብልቃጧ ልክ ስለሆነች የዚያን ውሻ ውጤት አናስገባም ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔም በጣም ደስ አለኝ፣ አዎ፣ እርጥበት ነው፣ ጉም ነው አልኩ፣ ለራሴም ደጋግሜ ነገርኩት። ስለ ምላሱ ግን አልነገርኩትም።

ክረምቱ ወጥቶ በዚያ በኩል ለበግ ክትባት ሄድን፣ እንደዛሬ ትዝ ይለኛል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ነው፣ ሰይድ እዚያ ቤት አልጠጋም ስላለ ብቻዬን ወረድኩ። እትዬ አሰለፈች ደጇ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። አገርጥታለች፣ ከንፈሯ ከፊቷ አይለይም፣ ነጠላዋ በግራ በኩል ቡናማ ሆኗል። ክንዷ እንደዚያን ቀኑ ተገልቧል፣ ያቺ የኔ መርፌ የነካቻት ትንሽ ቀዳዳ አሁንም እርጥብ ናት፣ ባሩድም ወፍሮ፣ ጠጉሩ አብረቅርቆ፣ እግሯ ሥር ተቀምጦ ክንዷን ይልሳል። ዝም ብላ ትሰጠዋለች። ሌላ ነገር እያሰበች፣ ጡት እንደምታጠባ ሴት። እኔ አጥሩን እንደያዝኩ አስመለሰኝ፣ ደግሞ አስመለሰኝ፣ ከሆዴ የሚወጣ ሳይኖር እንኳ አላቆመልኝም።

አፌን ጠርጌ ኪኒኑን ወሰድሽ ወይ አልኳት። ባሩድን አሳየችኝ።

‹‹በአጥሚት አድርጌ ሰጠሁት። ይኸው አዳነልኝ። ሌላ የለህም?››

ነበረኝ፣ በኪሴ ነበር። የማን ሆድ እንደሚገባ እያወቅኩ ሰጠኋት፣ ከሷ እጅ ላይ ጣቴን ሳነሳ ውሻው ጣቴን ላሰኝ፣ እስከ መኪናው ድረስ እጄን በሣር እየጠረግኩ ወጣሁ። ሁለተኛ ወደዚያ አልተመለስኩም፣ ሌላ ሰው እንዲሄድ ሰበብ እየፈለግኩ ቀረሁ፣ ከዚያ ወደ መዘዞ በኩል ተዛወርኩ፣ ስለ ሴትየዋም የሰማሁት ነገር የለም። አልጠየቅኩም ብል ይሻላል።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በደብረ ብርሃን መንገድ ሲጎርፍ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ እግሩ ያበጠ፣ ቁስሉ የሸተተ፣ ማንነቱን የረሳ የሚመስል ሰው። እኔ ያን ጊዜ ወደ ከተማው ተመልሼ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪና ተራው አጠገብ ስሄድ አንድ ወጣት ወታደር ከፊቴ ቆመ፣ የአንኮበር መኪና ከየት እንደሚነሳ ሊጠይቀኝ አፉን ከፍቶ ነበር፣ አልጨረሰውም። ዓይኑ ከፊቴ ወርዶ በግራ ጎኔ በኩል ጉልበቴ አጠገብ አረፈ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። በርከክ አለ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ባዶ አየር ላይ እንደ ጆሮ ያለ ነገር ያዘና እያሻሸ ‹‹ባሩድ፣ ባሩድ›› ማለት ጀመረ፣ እንባው ይወርዳል፣ ጣቶቹም ሲያሻሹ እርጥብ ይሆናሉ፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

‹‹ውሻዬንስ አመጣህልኝ›› አለኝ፣ ‹‹እናቴስ?››